ቀድሞ ሰላም የማይለው ሰው

የተከበርሽ ባለቤቱ፣ የተከበራችሁ ልጆቹና ዘመዶቹ፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ሥራ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፤ ጥናታችንን ሲደግፍ ከኖረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተገኛችሁ ኃላፊዎች፤ እንዲሁም... እንዲሁም እዚያ ከኋላ፣ አጥሩን ተጠግታችሁ የቆማችሁ፣ በስም ልጠራችሁ የማልችል ወገኖቼ። ለቀብሩ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ፀሐይ ላይ አቆምኳችሁ፣ ይቅርታ።

ወረቀት ጽፌ ነበር። ማንበብ ስላቃተኝ አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። እንደመጣልኝ ልናገር። ከተንተባተብኩ ታገሡኝ። ዛሬ የምፈራው ብዙ ነገር አለ።

ይህ ሰው ማን ነበር? የሰፈሩን ሰው ብትጠይቁ «አቶ ግድግዳ» ይላችኋል። አትሳቀቁ፣ ራሱም ያውቀው ነበር። ሰላም የማይለው ሰውዬ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥማችሁ፣ ዐይን ለዐይን ተያይታችሁ፣ እናንተ ቀድማችሁ «ጤና ይስጥልኝ» ካላችሁት አሳምሮ ይመልሳል። ካላላችሁት ግን ንቅንቅ የለም። እንዳላየ ያልፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳላየ አለፈ። ኮራ ተባለ። መንግሥት ማሽን ቢገዛለት ሰው ናቀ ተባለ። አንድ ቀን የልጁን አስተማሪ አልፏት ሄዶ፣ ባለቤቱ በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች።

አይደለም እንዴ፣ እህቴ? ቢሮአችን መጥተሽ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖብኝ ነው? ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» ብለሽ አልቅሰሽብኛል። እውነትሽን ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ሰላም ሲል ዳቦው በእጁ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ፊትሽ ቆሜ፣ እያወቅሁ፣ ዝም አልኩሽ። ዛሬ ልናገር ነው የቆምኩት።

መጀመሪያ ግን ሥራችን ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አታውቁም።

ሥራችን ፍርሃት ነበር። ክፉ አደጋ የደረሰበት፣ ከእሳት የወጣ፣ የተደበደበ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ያገግማል? አንጎሉስ ምን ይሆናል? እንቅልፉስ? ከሰው ጋር ያለው ኑሮስ? መንግሥት ይህን አጥኑ አለን። ማሽን ገዛልን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ሲያልቅ፣ ሁለት ክፍል ሰጠን። ለዚህ ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ማንም ሌላ አይሰጠንም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። በየስድስት ወሩ ይመጣሉ። መጠይቅ ይሞላሉ። ያባነናቸውን፣ ያስደነገጣቸውን፣ ለባለቤታቸው እንኳ ያልነገሩትን ይነግሩናል። በዓመት አንዴ እንደ መዶሻ የሚያንኳኳው ማሽን ውስጥ ይተኙና አንጎላቸው ፎቶ ይነሳል።

እና ይህን ሁሉ የሚያጠናው ሰውዬ ራሱ ከፈሪም ፈሪ ነበር! ውሻ ካየ መንገድ ይቀይራል። አሳንሰር አይገባም፤ ሞተን እንገኛለን ይላል። የሕንፃችን ጥበቃ ሁልጊዜ ያሾፍበት ነበር። «ፕሮፌሰር፣ የፍርሃት መድኃኒት ትፈልጋላችሁ አሉ፤ ለራስዎ አይወስዱም እንዴ?» ይለዋል። እሱም ደረጃውን እየወጣ «መጀመሪያ ይገኝ እንጂ፣ ተሰልፌ እወስዳለሁ» ይላል።

ፈሪ ስለሆነ ነው መሰለኝ ሰው ምን እንደሚያስፈራው የሚያውቀው። ሰዓቱን ከግድግዳው አወረደው፤ ሰዎቹ ሰዓት ባዩ ቁጥር ልባቸው ይፈጥናል ብሎ። የእሱ ወንበር ከእነሱ ወንበር ከፍ ይል ነበር፤ የወንበሩን እግር አናጢ ጠርቶ አስቆረጠው። ማሽኑ ውስጥ ለመግባት የፈራ ካለ መጀመሪያ እሱ ይገባል፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንዲያዩት። ሲወጣ «አያችሁ? እኔ ከተረፍኩ ማንም ይተርፋል» ይላል።

በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ያነብለታል። መጨረሻው ላይ «ስምዎ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የእሱ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ምስክር፣ የኔ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ፈርሜያለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው አንድ ደብተር ነው፤ ተራ የተማሪ ደብተር፣ በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ በብረት መሳቢያ የተቆለፈ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ፋርማሲ ተሰልፌ ነበር። በጥናቱ ከሚሳተፉት ሰዎቻችን አንዱን አየሁ። ሴት ይሁኑ ወንድ አልናገርም፤ እባካችሁ ዞራችሁ ወደ ኋላ አትመልከቱ። ደስ አለኝ። ሰላም አልኳቸው። እጄንም ዘርግቼ፣ ጮክ ብዬ፣ «ሐሙስ እንዳይቀሩብን፣ ማሽኑ ተጠግኗል!» አልኩ።

አብሯቸው የቆመው አለቃቸው ነበር። «የምን ማሽን?» አላቸው።

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አያለሁ። ወር ሳይሞላ ይወዱት ከነበረው ሥራ ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። «ለደኅንነት ሲባል» ተባለ። ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰላም ማለት ያጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

እያለቀስኩ ሄጄ ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ነበር። ስልክ አነሣና አናጢውን ጠራው፤ ያንኑ የወንበሩን አናጢ። መሳቢያው ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠመ። አዲሱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠና «አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አንተ ጋ። ካሁን በኋላ አንዳችን ብቻችንን አንከፍተውም» አለኝ። «እንዴት ለኔ ትሰጣለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ከሁላችን የደነገጥከው አንተ ነህ፣ አንተ አትረሳም» አለኝ።

በዚያው ቀን ሕግ አወጣ። ሰዎቻችን ቀድመው ሰላም ካላሉን አንልም። ግን እኔና ሌሎቹ ባልደረቦቻችን የምንኖረው ራቅ ብለን ነው። የእሱ ሰፈር ከሕንፃው አጠገብ ነው፤ ከሰዎቻችን ብዙዎቹ በእሱ መንገድ ያልፋሉ። ጎረቤቱን ሰላም ብሎ እነሱን ቢያልፋቸው የታለፈው ይታወቃል። ሁሉንም ሰላም ቢል ደግሞ አብሯቸው ያለው ሰው «ይሄን ሰውዬ የት ታውቀዋለህ?» ይላቸዋል። ስለዚህ ምን አደረገ? ሁሉንም አለፈ። ጎረቤቱን አለፈ። ዘመዱን አለፈ። የልጁን አስተማሪ አለፈ። ሰው ወዳዱ ሰውዬ፣ ዳቦው የሚቀዘቅዝበት ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት መሬት መሬት እያየ ሄደ።

እህቴ፣ ባልሽን ግድግዳ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ካልቻልሽም እረዳሻለሁ።

አሁን ደግሞ በዚህ ሰሞን የሆነውን ልናገር። አፌ እየደረቀ ነው፤ ትንሽ ውሃ... አመሰግናለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ክፉ ሰው የጻፈው አይደለም። ጌታዬ፣ እርስዎን ነው የምለው፤ አዝነው እንደመጡ አያለሁ። ደብዳቤው የተሳታፊዎቹ ስም ከነቁጥራቸው ይላክልን ይላል። ምክንያቱም በኃላፊነት ሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ብቃት ለማጣራት ነው ይላል። ሹፌር አለ፣ ነርስ አለ፣ አስተማሪ አለ። «አሁንም ያባንነኛል» ብለው የነገሩንን አለቃቸው ጠረጴዛ ላይ ሊያገኙት ነው። እሱ በዚያው ቀን ስልኩን ይዞ ተቀመጠና ደብዳቤውንም፣ ደብተሩ በሁለት ቁልፍ መቆለፉንም ለሁሉም እየደወለ ነገራቸው። ማወቅ መብታቸው ነው አለ።

ባለፈው ሰኞ ተጠራን። የጌታዬ ቢሮ ዘጠነኛ ፎቅ ነው። በየዓመቱ ሪፖርት ስናቀርብ ዘጠኙን ፎቅ በእግሩ ነበር የሚወጣው። የዚያን ቀን ደረጃው ሥር ደርሶ ቆመ። «አሳንሰሩን ጥራው» አለኝ።

«አንተ? ምን ነካህ?»

«እያለከለክሁ ብገባ የፈራሁ ይመስላቸዋል።»

«አልፈራህም?»

«እንዴት አልፈራ! አሳንሰሩ ውስጥ ፈርቼ ልጨርስ ብዬ ነው እንጂ።»

ክንዴን ያዘኝ። ፎቁን በሹክሹክታ ይቆጥራል፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት... የጥፍሩ ምልክት እስከ ረቡዕ ክንዴ ላይ ነበር። በሩ ሲከፈት ፊቱን በመሐረብ ጠረገ፣ ገባ፣ ተቀመጠ። «ጌታዬ» አለ፣ «ማሽኑ የመንግሥት ነው። ክፍሉም የመንግሥት ነው። እኔም ደመወዝተኛ ነኝ። ቃሉ ግን የኔ ነው፤ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። 

እስከሚቀጥለው ሰኞ አስቡበት ተባልን፤ ማታውን ይህንንም ለሰዎቻችን ደውሎ ነገራቸው። ስንመለስ በደረጃ ወረደ። «በቀን አንድ ጀግንነት ይበቃኛል» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመ። ወደ ሥራ ሊመጣ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። ትናንት ባለቤቱ በፖስታ አንድ ነገር ሰጠችኝ፤ «ላንተ አድርሺልኝ ይል ነበር» ብላ። የእሱ ቁልፍ ነው። አሁን ሁለቱም እኔ ጋ ናቸው። ኪሴ ውስጥ ሲጋጩ ይሰማኛል። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዐይኔ አልዞረም። ሁለት ልጆች አሉኝ። የምኖረው በዚያው መሥሪያ ቤት ደመወዝ ነው። እና ለምን እዋሻለሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ «ሰጥቼ ብገላገልስ?» ብዬ አስቤያለሁ። እሱ የለም፤ ማን ያየኛል? ብዬ አስቤያለሁ።

ዛሬ ጠዋት እዚህ መግቢያው ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው ትከሻዬን ነኩኝ። እኚያ የፋርማሲው ሰው ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ቀድመው ሰላም አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለቱም ቁልፍ አሁን አንተ ጋ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ሰኞ ምን ልትላቸው ነው?»

«ይግቡ፣ እነግርዎታለሁ» አልኩ። ገብተው ከኋላ ቆሙ። አሁንም መልሴን እየጠበቁ ነው።

ይኸው መልሴ። ጌታዬ፣ እርስዎም ይስሙኝ፤ ሰኞ ድረስ ላላስጠብቅዎት። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዘጠነኛ ፎቅ እመጣለሁ። እፈራለሁ፤ እንደ አሁኑ እንተባተባለሁ። ደብተሩን ግን አልሰጥም። ብቻዬንም ልከፍተው አልችልም፤ ምክንያቱም አንዱ ቁልፍ የኔ አይደለም።

ወንድሜ፣ ቁልፍህ ይኸው። ይዘኸው ሂድ።

...መቃብሩ ውስጥ ወረደ። ድምፁን ሰማችሁት። መሳቢያው ሊሰበር ይችላል፣ አውቃለሁ፤ አንድ መዶሻ ይበቃዋል። የሚሰብረው ሰው ግን በገዛ እጁ፣ በገዛ ስሙ፣ ሰው እያየው ይስበረው። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ ቁጥራችሁን በቃላችሁ ታውቃላችሁ። ጥናቱ ከቀጠለ፣ መምጣት የፈለገ መጥቶ ቁጥሩን ይንገረኝ። ስም አልጠይቅም። መንገድ ላይ ካያችሁኝም አልፋችኋለሁ፤ አትቀየሙኝ። የሰፈሬ ሰዎችም ተዘጋጁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔም ግድግዳ ነኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከዚያ አፈሩ ይመለስ። እዚህ በእሱ እርዳታ የዳኑ ብዙ ሰዎች ቆመዋል፤ እየፈሩ ነው የመጡት። ሊሰናበቱት ይፈልጋሉ፤ ወደፊት ወጥተው እንዳያለቅሱ ደግሞ ይታወቃሉ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሁላችንም እንሰናበተው። ጎረቤቱም፣ አስተማሪዋም፣ ጥበቃውም፣ ጌታዬ እርስዎም። ሁላችንም አንድ ላይ፣ በአንድ ድምፅ ሰላም ካልነው ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። እሱ ሁላችንንም አልፎ ደበቃቸው፤ እኛ ሁላችንም ሰላም ብለን እንደብቃቸው።

ጤና ይስጥልኝ በሉት። አዎ፣ ጮክ ብላችሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ።

ሰማህ ወንድሜ? ሰፈሩ ሁሉ ነው። ቀድመን ሰላም ብለንሃል። መልሱ ይቅርብህ፣ ደክሞሃል። ደህና ሁን።