ከባዱ ስዊች

ስሙኝማ፣ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም! ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን የገባውን አንድ የኢንተርኔት ገመድ ለእኔና ለልጄ ኮምፒውተር የሚያከፋፍል ስዊች ልገዛ ፒያሳ ወረድኩ። ዋጋው ረከስ ያለ፣ ግን የማያስቸግር ነው የፈለግኩት። ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ። "ኦርጅናሉ የቱ ነው?" አልኩት። "እህቴ፣ ኦርጅናል በክብደቱ ይታወቃል፤ ያዢው እስቲ" ብሎ አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እውነትም ይከብዳል። ሌላውማ ባዶ የክብሪት ቀፎ በሉት። ከባዱን ገዝቼ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ልጄ በኢንተርኔት የምትፈተነውን ፈተና አጋምሳ ሳለ ስዊቹ ድርግም አለ። እሷ ስታለቅስ እኔ ካቻቢቴ አንስቼ ፈታሁት። ውስጡ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከአንዲት ሚጢጢ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አጠገብ በሙጫ የተለጠፈ ወፍራም የብረት ቁራጭ! ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሥራው መክበድ ብቻ ነው።

ብረቱን ከነስዊቹ ይዤ በባጃጅ ፒያሳ በረርኩ። ባንኮኒው ላይ ወርውሬለት "ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። "እህቴ፣ ደህናው እኮ ቀላሉ ነበር፤ እሱን ገዝቶ የመለሰልኝ የለም። ግን ካልከበደ አትገዙም፤ ምን ላድርግ?" አይለኝም!

ደሜ ፈላ። "በይ ቀይሪ" ብሎ ቀላሉን ሲያቀብለኝ ግን፣ የገዛ እጄ ሳላዘው ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝነው ጀመር።