ዓይኗ ያልተቀባው ሥዕል

— ሄሎ! … አዎ፣ የበላይነህ ቤት ነው። ማን ልበል? … ማን? ጮክ በል፣ መስመሩ ይንጫጫል። … ጉተማ! አንተ ሰው፣ የት ጠፋህ? ካርታ ክፍላችሁ በደወልኩ ቁጥር «መስክ ወጥቷል» ይሉኛል። አገሩን ለክተህ አልጨረስክም?

— ምን? … ይቅርታ? የምን ይቅርታ? … ቆይ፣ ቆይ። አባባ ሥዕሉን አላሰቅልም ማለታቸውን ማን ነገረህ? … ሚስትህ? እሷስ ከማን ሰማች? … የማርያምወርቅ! አንቺ የማርያምወርቅ! ለጉተማ ሚስት የነገርሽው አንቺ ነሽ? … ሾላ ገበያ ተገናኝተው ነው አሉ። ይኸውልህ፣ ሚስቴ ናት። እኔ ጋዜጣ ላይ ጽፌ የማላዳርሰውን እሷ ሽንኩርት እየመረጠች ታዳርሰዋለች።

— አይ፣ ስማኝ። ይቅርታ የምትለዋን ነገር ብትደግማት እንጣላለን! እኔ ላመሰግንህ ሳሳድድህ አንተ ይቅርታ ተሸክመህ ትመጣለህ? አርፈህ ተመስገን!

— … እሱማ ተቆጥተዋል፣ አልዋሽህም። አባባን ታውቃቸው የለ? በቅስና ያረጁ ሰው ናቸው። ሸራውን ገና ቀለም ሳይነካው፣ ያንተ የእርሳስ መስመርና ቁጥር ብቻ እያለበት አዩት። «ይህቺ ልጄ ለተጊዮርጊስ ናት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አንድ ዓይኗስ የት ሄደ?» …

— እንዴ፣ አንተ ምን ታደርግ! ፎቶው በጎን የተነሣ ነው። የእህቴ ሌላ ፎቶ አልተረፈንም። … አዎ፣ አንተም ረሳኸው፣ እኔ የቄሱ ልጅም ረሳሁት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወዳንተ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። በጎን ባንድ ዓይን የሚሣለው ማነው? ሰይጣንና ከሰይጣን ጋር የተሰለፈ ኃጥእ! ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ የማየው እሱን ነበር፤ አሁን ሲፈለግ ከራሴ ጠፋ። «ልጄን በእጄ ቀብሬ፣ እናንተ ከኃጥአን ጎን ታቆሙልኛላችሁ? በሙት ዓመቷ ቀን ይህ ነገር ቤቴ አይሰቀልም» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

— ኧረ አልተቃጠለም! ደግሞ ተቃጠለ ያለህ ማነው? … የማርያምወርቅ! … እሱን እንኳ እኔ አላልኩም ትላለች። ገበያው ጨምሮበት ይሆናል።

— አይደለም ጉተማ፣ አልገባህም። እማዬን አስባት። ለተ ከሞተች ወዲህ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትውል ሴት ነበረች። ብሉኝ አትልም፣ ጠጡኝ አትልም። እጇ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ብዙነሽ፣ እጇን አጣጥፋ! … አይተሃታል፣ አዎ። ታዲያ አንድ ቀን ለቅሶ ልትደርስ ጎረቤት ሄዳ ያንን ከውጭ አገር የመጣ ሣጥን አየች። ቁጥሩን እያየህ ቀለም ስትሞላበት ፈረስ የሚወጣውን። ቤት ስትገባ ምን አለችኝ መሰለህ? «የሰው አገር ፈረስ እንዲህ ከተሣለ የኔ ልጅ ለምን አትሣልም?» … ይኸው ነው። ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር።

— እሺ፣ ሠራኸው፣ ቀላል ነው ትለኛለህ። ቀላል ነው? ያቺን የክብሪት ቀፎ የምታህል ፎቶ በካሬ በካሬ ከፍለህ የመስኮት ያህል አደረግካት። ብርሃኑን ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ፣ ኮረብታ በካርታ ላይ እንደምትከፋፍል የልጅቱን ጉንጭ ከፋፈልከው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ሰጠህ፣ ቀለሙን በጥብጠህ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አደረግህ፣ ጠርሙሱ ላይም ቁጥሩን ለጠፍህ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ከገበያ ታውቃለች። ማለዳ ተነሥታ «መስኮቱን ክፈቱልኝ» ማለት ጀመረች። «ዛሬ አንገቷን ልጨርስ ነው፣ አንገቷ አምስት ነው» ትላለች። አንድ ቀን ጠርሙስ ደፋሁባት። ምን ብላ እንደ ሰደበችኝ በስልክ አይነገርም! ከለተ ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ስድቤ ነው። እንዴት ጣፈጠኝ መሰለህ!

— ማን? … እሱ ሰውዬ! የሥዕል መምህር ነኝ ባዩ! ለአንተም «ቁጥር መሙላት ጥበብ አይደለም» አለህ? እኔንማ ሲግናል መንገድ ላይ አስቁሞ ነው የሳቀብኝ። ልቀቀው፣ የእሱ ነገር የኔ ነው። ጥልፍ ጠላፊዋ በተነደፈላት መስመር ስትጠልፍ ባለሙያ አይደለችም? ደብተራው የዜማ ምልክቱን እያየ ሲያዜም፣ ምልክት አይተህ ነውና አላዜምክም ሊለው ነው? እናት ልጇን በእጇ ካበጀች ጥበብ ይሁን አይሁን ማን ጠየቀው! ጽፌዋለሁ። ሁለት ዓምድ ሙሉ። … አልሰርዝም! ብትለምነኝም አልሰርዝም።

— ነገሩ አሁን የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሙት ዓመቷ እሑድ ነው። አባባ እምቢ ቢሉም እማዬ መሙላቱን አልተወችም። ፊቷ አልቋል፣ ነጠላዋ አልቋል፣ ከኋላዋ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ አልቋል። ዓይኗ ብቻ ባዶ ነው፣ ስምንት የሚለው ቁጥርህ እስካሁን ይነበባል። ሙዪው እንጂ ስላት «አባቷ ካልፈቀዱ አልገልጠውም» አለችኝ። ሳይሞላ ደግሞ ሰው ፊት አይቀርብም፣ ዕውር ሆና …

— ቆይ። ዝም በል። … አባባ ገቡ። … አይ፣ በዚህ አላለፉም፣ በቀጥታ ጓዳ እማዬ ጋ። … የማርያምወርቅ፣ ያንን በር ተዪው፣ አትዝጊው። … እያወሩ ነው፤ አንተ ያዝ፣ አትዝጋ። …

— … ጉተማ፣ ትሰማኛለህ? ምን እያለቻቸው ነው መሰለህ? «መምሬ፣ ያን ቀን እንጦጦ ማርያም ለንግሥ ወጥተን ፎቶ አንሺው ከዚህ ነበር፣ እኔ ከዚያ ዛፉ ሥር። ለተ ብዬ ጠራኋት፣ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ያኔ አነሣት» … እ? … ኧረ እኔም ገና መስማቴ ነው! ለማንም ነግራ አታውቅም። … ቆይ … «የጎደለ ዓይን የላትም መምሬ። ሁለቱንም እኔ እያየሁት ነበር» ትላለች። …

— መቋሚያቸውን አስቀመጡ። … ወደ ሸራው ጎንበስ አሉ። … እኔ ምን አውቃለሁ፣ በሩ ግማሽ ነው የሚያሳየኝ! …

— አቤት አባባ! … ስልክ ላይ ነኝ፣ ጉተማ ነው። … አዎ፣ ራሱ ካርታ ነዳፊው። … እሺ፣ ልጠይቀው። ጉተማ! የሁለቱ ጥቋቁር ጠርሙሶች ወረቀት ተልጧል፣ ስምንቱ የትኛው ነው እያሉህ ነው። … አዎ እሳቸው ናቸው የሚጠይቁት፣ ሌላ ማን ይጠይቅሃል! ቶሎ በል! … እሺ … እሺ። አባባ፣ ወደ ብርሃን ይያዟቸው፤ ድፍን ጥቁሩ የፀጉሯ ነው፣ ቀላ የሚለው የዓይኗ ነው ይላል። … አገኙት። ብሩሹን ያዙ።

— ብሩሹን ወደ ዓይኗ አቀረቡት ጉተማ። … አይ፣ አላግዛቸውም፣ አልገባም እዚያ። እማዬ ክንዳቸውን ደግፋለች። … ምን ሆነ አባባ? … ከመስመሩ ወጣብኝ ይላሉ፣ ምን ይሻላል? … አባባ፣ ይውጣ ይላል! ግድ የለም፣ ይውጣ!

— … ጨረሱ።

— ሄሎ? … አለሁ። … አልተቆጣሁም፣ ድምፄ ነው። … እሑድ አንተ ትሰቅለዋለህ፣ ሚስማርና መዶሻ እኔ አቀብልሃለሁ። እንዳትቀር። … በል እንግዲህ። ልዝጋው ጉተማ። ገብቼ እህቴን ልያት።