የአብራሪው ፈረስ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት መምህር ተቀምጠዋል። የጦር አውሮፕላን በላያችን አለፈ።

«አባቴ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እርስዎ ምነው ፈገግ አሉ?»

«የመንደራችን ልጅ የእንዲህ ያለ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፣ ልጄ። በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ።»

«አሁንስ የት ነው?»

«እዚያው ቀረ። የተከበበ ወገን ሊያስጥል ዝቅ ብሎ ገባ፤ እነሱ ወጡ፣ እሱ ተመታ። ሬሳውም አልተገኘ።»

«ነፍስ ይማር!»

«መርዶውን ያመጣው አብሮት የሚበር ጓደኛው ነው። ለቅሶው የሚደረግበትን ቀን ጠይቆ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«በአገራችን ወግ በጀግና ለቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል። እኛም የጎረቤት ፈረስ አስጊጠን አቀረብን። አባቱ ‹መልሱት፣ የሱ አይደለም› አሉ። ‹ፈረሱ ሳይወጣ ማንም እንዳያለቅስ!›»

«የአብራሪ ፈረሱ አውሮፕላኑ ነው ማለታቸው ነዋ! ታዲያ አውሮፕላን ከየት ሊመጣ ነው?»

«እኛስ ምን አልን! ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አልቃሿም ዝም ብላ ተቀመጠች። ኋላ ሰማዩ ጮኸ። ሊደበድበን ነው ብለን ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን።»

«አባትየውስ?»

«እሳቸው ቆመው ቀሩ። አውሮፕላኑ በለቅሶው ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ ዞረ፤ ክንፉን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።»

«ጓደኛው!»

«‹ተነሡ› አሉን አባቱ። ‹የልጄ ፈረስ መጣ። አሁን አልቅሱ።›»

ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አውርጄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት።