የሐሙሱ ማኅበርተኛ፣ አቶ ዋሲሁን ባየ

አቶ ዋሲሁን ባየ ከአባታቸው ከአቶ ባየ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥት በጎንደር፣ ወገራ ተወልደው፣ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ከዘለቁ በኋላ አባታቸው በማረፋቸው ወናፉን ተረክበው፣ በቀጥቃጭነት ታናሽ ወንድማቸውን አሳድገዋል። ያ ታናሽ ወንድም እኔ ይርዳው ነኝ። ስላሳለፍነው ረኃብ ብዙ አልጽፍም። እርሳቸው ድርሻቸውን ወደ እኔ ይገፉ ነበር።

ከወይዘሮ ሲሳይነሽ ጋር በወግ ተጋብተው አንዲት ልጅ ወልደዋል። በፈረንጆች 1984 በእግር ሱዳን ስንገባ ሲሳይነሽ በመጠለያው ታመው ዐረፉ። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል ስለነበር፣ ወንድሜ ጨርቅ ነክሰው ሚስታቸውን በገዛ እጃቸው ቀበሩ።

ከዚያም እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ገብተው፣ ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ተምረው፣ በብርቱካን ማሸጊያ በትጋት ሠርተዋል። ሆኖም የሲሳይነሽን ስም አይጠሩም ነበር፤ ልጃቸው ኢናቭ ስለ እናቷ ስትጠይቃቸው ተነሥተው ይወጣሉ፤ በእንቅልፋቸው ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ግድግዳ ተሻግሮ ይሰማኛል። ቁፓት ኾሊም በሚባለው የጤና መድን ክሊኒክ ሐኪሙ የሰጣቸውን ክኒን አልዋጡትም። ጎንደር የቀሩት የሲሳይነሽ እናት፣ እትዬ አባይነሽ፣ መርዶ በደብዳቤ ስለማይነገር ልጃቸው በሕይወት ያለች ይመስላቸው ነበር።

በ1990 ጎረቤታችን ወታደሩ ኔታኔል ወንድሜን ሺምሾን በሚባለው ሰፈር ወዳለ ቪዲዮ ማከራያ ወሰዳቸው። በዚያ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው ያያሉ፤ ሲያበቃ እያንዳንዱ የፈራበትን ቦታ በተራ ይናገራል፤ በፈራ ሰው አይሳቅም። በመጀመሪያው ቀን ሬሳ ከመቃብር ሲነሣ ወንድሜ ወንበር ገልብጠው ጮኹ። ኔታኔል፣ «ይጩኹ፣ ጋሼ፤ ጎረቤቱ ለምዶናል» አላቸው። ሽማግሌዎቻችን ሰይጣን መጥራት ነው ብለው ቢገሥጿቸውም አልቀሩም። በዚያው ክረምት ተራቸው ሲደርስ ፊልሙን ትተው የሱዳኑን ጉድጓድ ተናገሩ። አንድም ሰው አልተነሣም። የማከራያው ባለቤት ልጅ ሞራን ውኃ አቀረበችላቸው።

በግንቦት 1991 እትዬ አባይነሽ በአውሮፕላን መጥተው፣ ከተቀበልናቸው ሰዎች መካከል ልጃቸውን በዓይን ፈለጉ። መርዶ ሽማግሌዎች ማልደው የሚያረዱት እንጂ የሟች ባል የሚናገረው አይደለም፤ ወንድሜ ግን የቀበርኩ እኔ ነኝ ብለው ከፊት ቀደሙ። የት እንደቀበሩ፣ በምን እንደገነዙ፣ ፊቷን ወዴት እንዳዞሩ አንድ በአንድ ነግረው፣ ከአማታቸው ጋር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ኢናቭ የእናቷን ነገር የሰማችው ያን ዕለት ነው። የሐሙስ ወዳጆቻቸው ለቅሶ መጥተው፣ አማርኛ ሳያውቁ፣ ሰባቱን ቀን ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የጥርሳቸውን ድምፅ አልሰማሁም።

ሐሙስን ሳያጓድሉ ሁለት ዓመት ኖሩ። ዘንድሮ በጉበት ሕመም ተኝተው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ሳለ ትናንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ልጃቸውን ኢናቭን፣ አማታቸውን እትዬ አባይነሽን፣ እኔን፣ እንዲሁም ከኋላ ጥቁር ለብሰው የቆሙትን የሐሙስ ማኅበርተኞች ትተው ሄደዋል። የአባቶቻችን አምላክ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከሲሳይነሽ ነፍስ ጋር ያገናኝ፤ ዕረፍታቸውን ያለ ፍርሃት ያድርገው።

ንባቡ አብቅቷል። ማልቀስ የሚችል ድምፁን አውጥቶ ያልቅስ። እኔ ገና አልመጣልኝም።