ስልክዎ ገና አልተወለደም

ወዳጆቼ፣ የተቀመጣችሁም በር ላይ የቆማችሁም፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ንግግር አልችልም። ትንሽ ከተጣመመብኝ ደግሞ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ እዚህ ተቀምጠዋል፣ አፍርሰው እንደገና ያስጀምሩኛል።

አርክቴክታችን ጋሼ ድርጅታችን የመጡ ዕለት ምን እንዳደረጉ ታስታውሳላችሁ? ሰላም ሳይሉ ከቦርሳቸው ውሃ ልክ አውጥተው የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

"ጠረጴዛው ዘሟል" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ተቆጥተው "እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። እርስዎም ትንሽ ዘመም ብለዋል።"

"ጋሼ ውሃ ልክ" የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ዕለት ነው።

የጥርስ ሐኪሙን ቤት ግን ማን ይረሳዋል? ሐኪሙና ባለቤታቸው የዛሬ ሰባ ዓመት ይሠራ የነበረውን ዓይነት አዲስ ቤት ሥሩልን አሉን። ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት፣ ለእንቁራሪት የተሠራ የሚመስል ዝቅ ያለ ሶፋ። "ዘመኑን በትክክል ይጠብቅ" አሉ። ለጋሼ እንዲህ ማለት ለጨፋሪ ከበሮ ማቀበል ነው!

ኤሌክትሪሺያኑ "የቴሌቪዥኑ ሶኬት የት ይሁን?" አለ።

"በዘመኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ነው።"

"ዋይፋይስ?"

"ሰው ከሰው ያወራ ነበር።"

የሐኪሙ ባለቤት ፈራ ተባ እያሉ "ታዲያ ስልኬን የት ልሰካ?"

"እመቤቴ፣ ስልክዎ ገና አልተወለደም።"

ጎረቤቱ ደግሞ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ "ጣሪያው የት ሄደ? ተሰረቀባችሁ?" ይለናል።

ርክክብ ዕለት ጋሼ "ይህ መስታወት ከጥራቱ የተነሣ ያለም አይመስልም" እያሉ ሲያስጎበኙ ራሳቸው በአፍንጫቸው ገጩት። ሳቃችንን ዋጥን። አፍንጫቸውን ይዘው "አላልኳችሁም?" አሉ። ነፍሳቸው መለስ እንድትል ሶፋው ላይ አስቀመጥናቸው፤ በቃ፣ መነሣት የለም! ሐኪሙ አንድ እጃቸውን፣ እኔ አንዱን ይዘን ጎተትን። ሐኪሙ ላባቸውን እየጠረጉ "መንጋጋ ስነቅል እንኳ እንዲህ አልታገልኩም" አሉ።

ሳቁ፣ ሳቁ። አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ቤቱ ገና ሳያልቅ፣ የሳሎኑ የጡብ ግድግዳ ተገንብቶ ሲያበቃ መስኮቱን ጋረደው። ሐኪሙ "ይህ ግንበኛ ይባረር!" ብለው ጮኹ። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያስገባሁበት ሰሞን ነበር። ጋሼ ንድፉን ዘርግተው አዩት፤ ከዚያ በሁሉም ፊት፣ "ስህተቱ የእኔ ነው። እሱ የሳልኩትን ነው የገነባው" አሉ። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ኮታቸውን አውልቀው አብረውኝ ሲያፈርሱ ዋሉ። እርግጥ ለሥራው አልጠቀሙኝም፤ እያንዳንዱን ጡብ በብሩሽ ካላጸዳሁ ይላሉ!

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራዬን አተረፉልኝ፤ አንገቴንም ቀና አደረጉልኝ። ዛሬ ከእኔ ሥር የሚሠሩ ልጆች ሲወቀሱ መጀመሪያ ንድፉን የምዘረጋው ከእርስዎ አይቼ ነው።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ! ባለቤታቸው እትዬ ስገባ ያዝ አድርገውኝ "ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤቴን እንዳያፈርስብኝ ለምንልኝ" ብለውኛል። ጋሼ፣ ይኸው በሁሉም ፊት ለመንኩ። ዕድሜ ከጤና ጋር፣ የልጅ ልጅ ጫጫታ፣ የጠዋት እንቅልፍ ያብዛልዎት።

እትዬ፣ የጋሼን ዓይን አየሁት፤ ልመናዬን አልሰሙም። ድስትዎን ያሽጉ።

ለጋሼ!