የዓርቡ ሸንጎና የጂብሪል ጉድጓድ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግራዝማች አብተው አዳማ ባቡር ጣቢያ ቆመው ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር ይጠብቁ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሙሉብርሃን ሆዷን ከታመመች ዐሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል፤ መድኃኒቷ በዚያ ባቡር ይመጣል ተብሏል። ባቡሩ ግን እንደ ልማዱ ዘገየ። ግራዝማች የከተማው ሽማግሎች ሸንጎ ሰብሳቢ ናቸውና ማስጠበቅ እንጂ መጠበቅ አልለመዱም።

የጣቢያው ጸሐፊ ደገፋ ወንበር ይዞላቸው ወጣ። ደገፋ ከሸንጎው ሽማግሎች የአንዱ የመርዳሳ ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ተምሮ የተመለሰ፣ ትሑት ግን የሚከራከር ወጣት።

«አካም ጅርቱ፣ ግራዝማች? እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ።»

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷ ናት እንጂ ያስጨነቀችኝ፣ እኔስ ደኅና ነኝ። ደግሞ የበሽታውን ሥር ነቅለነዋል። ትናንት ድንገተኛ ሸንጎ ጠርቼ፣ የታችኛው መንደር የውሃ ጉድጓድ ሰኞ ጠዋት በአፈር እንዲደፈን ፈርደናል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በስንት ሰዓት ተቀመጣችሁ?»

«በስድስት ሰዓት።»

«ዓርብ በስድስት ሰዓት ከሽማግሎቹ ጂብሪልና ኑሬ መስጊድ ናቸው። ከዐሥራ አንዱ ሽማግሎች ስንቱ ተገኙ?»

«አራት። ምን ላድርግ? ነጋሪት አስጎስሜያለሁ። ጆሮ ያለው ይሰማል።»

«አባቴም ሰምቷል። ነገር ግን ነጋሪቱ ኑ ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። አዲስ ግብር የታወጀ መስሎት በሬዎቹን ወደ አዋሽ ነድቶ ተሸሸገ።»

«መርዳሳ? ያ ሁሉ ሽበት ይዞ!» ግራዝማች ሳይወዱ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ግን ነገሩ ከነከናቸው፤ ይህንኑ ነጋሪት ለግብር የሚያስመቱትም እርሳቸው ናቸውና።

«ስማ ልጄ፤ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም። ቤት ሲቃጠል ወረቀት እየጻፍን ሽማግሌ እንለምን ነው የምትለኝ?»

«እሳት ከሆነማ በዚያው ሰዓት ይጥሩ፤ የተገኘው ሰው ያጥፋው። ነገር ግን እሳት ለማጥፋት የተጠራ ሸንጎ እዚያው የሰው ቦታ ቢቀማ፣ ግራዝማች፣ ደግ ነው ይላሉ? ጊዜ የማይሰጠውን ብቻ ይፍረድ፤ የሚቆየውን ለሙሉው ሸንጎ ይተው። ውሃውን ለጊዜው አትቅዱ ማለት ነገ ይሻራል። የተደፈነ ጉድጓድ ግን ማን ይመልሰዋል?»

«አራት አስተዋይ ሰዎች ያዩትን ዐሥራ አንድ ቢያየው ምን ይጨምራል?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሙሉብርሃን ከየትኛው ጉድጓድ ትጠጣለች?»

«ከግቢዬ ነዋ! የእኔ ልጆች ታች ወርደው አይቀዱም።»

ይህን ተናግረው አፋቸውን ሳይገጥሙ በቃላቸው ራሳቸው ደነገጡ። ከታችኛው ጉድጓድ ጠብታ ያልቀመሰች ልጅ በታችኛው ጉድጓድ እንዴት ትታመማለች?

«የታችኛው መንደር ልጆችስ ታመዋል?» አሉ ዝግ ብለው።

«እኔ አላውቅም። ጂብሪል ያውቃል፤ የመንደሩ ሽማግሌ ነው፣ በጉልበቱም ዘመን የእርስዎንም የመንደሩንም ጉድጓድ የቆፈረ እርሱ ነው።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተሳስቻለሁ ከሚል ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። ግራዝማች ግን ልጅቷ በዓይናቸው መጣችባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያሉ ስንቱን ሲመክሩ ኖረው ዛሬ በራሳቸው ደረሰ። «በል ጻፍ» አሉ። «ምን ብዬ ልጥራቸው?»

ደገፋ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፤ ከዚያ በታች ጉዳዩን፦ ስለ ሁለቱ ጉድጓዶች። ወረቀቱ በየሽማግሌው ደጃፍ እንዲዞር፣ ማንበብ ለማይችል እንዲነበብለት፣ ከተጻፈው ውጭ እንዳይፈረድ፣ ከስድስት ሰው በታችም እንዳይቀመጡ ተስማሙ። «በጸሎት ሰዓትም አይሁን፤ የእኛም ቅዳሴ፣ የእነርሱም ጁምዓ» ብለው የጨመሩት ግራዝማች ራሳቸው ናቸው። ባቡሩ ሲደርስ መድኃኒቱን ተቀብለው፣ የሰኞ ጠዋቱን ሥራ ሊያስቆሙ ሄዱ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንዱም ተገኙ፤ ከመርዳሳ በቀር የዘገየ አልነበረም። ጂብሪል ተነሥቶ፣ በታችኛው መንደር አንድም ልጅ እንዳልታመመ ተናገረ። «የግራዝማች ጉድጓድ ያለበት አፈር ልል ነው። ከላይ ካለው ከብት ማረጃ የሚወርደው እድፍ ካምና ወዲህ ወደ እርሱ ይሰርጋል» አለ።

«የእኔው ይደፈን» አሉ ግራዝማች። ሁሉም ተስማማ፤ ማረጃውም ወደ ዳር እንዲዛወር በሌላ ቀን፣ በሌላ ጥሪ ተፈረደ።

ከዚያ ወዲህ በአዳማ የተጠራ ሁሉ ለምን እንደተጠራ ያውቅ ጀመር። የሚያውቅ ሰው አይሸሸግም፤ ያልተሸሸገ የሚያውቀውን ይናገራል፤ የተናገረ ደግሞ በተፈረደው ፍርድ አያጉረመርምም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለጉልበት ብቻ አይደለም።

በዚያ ሰኞ ግን ግራዝማች ይህን ሁሉ ጥቅም አላሰቡም። ሸንጎው ሲበተን ጂብሪልን ወደ ጎን ጠሩት።

«ይህን ስታውቅ ልጄ ያን ያህል ቀን ስትመረዝ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም ጌታዬ። ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ለዘበኛዎ ነገርኩት። ‹ጉዳይህን ወደ ሸንጎ ስትጠራ ተናገር› ብሎ መለሰኝ። ጥሪውን ስጠብቅ ነበር።»

ግራዝማች በማግስቱ ጠዋት የሙሉብርሃንን ውሃ ከጂብሪል ጉድጓድ ለመቅዳት ራሳቸው እንስራ አስይዘው ወረዱ፤ ደርሰውም ተራቸውን ጠበቁ።