ሰማያዊው የመቀበሪያ ካፖርት

ወይዘሮ ሴቭጂድ ዳምባ ከአባታቸው ከአቶ ዳምባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓግማ፣ የዛሬ ሰባ አራት ዓመት፣ በዛቭካን አውራጃ፣ ዙድ የምንለው ከብት ፈጂ ብርድ በገባበት ወር ተወለዱ። በዚያው ሳምንት ስምንት ግልገሎች ወደ ድንኳን ገብተው ስለነበር፣ አራሷ እናታችን ጥግ ይዘው ግልገሎቹ ምድጃውን ከበቡት፤ የእትዬም አመል ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል በትጋት የተማሩ ሲሆን፣ በረዶ ላይ ወድቆ ያገኙትን ግልገል መኝታ ክፍል በማስገባታቸው አስወጪው ቢባሉ፣ አብረውት ወጥተው በዚያው ቀሩ። ከዚያም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሃያ ስድስት ዓመት በግ ጠባቂ ሆነው አገልግለው ምንጣፍ ቢሸለሙ፣ ምንጣፉን ውርጭ ለመታት ላም አለበሱት።

ከአቶ ዳንዛን ጋር ጎጆ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት፣ የአዲሱን ድንኳን የጠጉር ልባስ በሰሜን በኩል ቀደው ለፍየሎች ልብስ ሰፉበት። ልጠይቃቸው ሄጄ ኮፍያዬን እንዳጠለቅሁ አድሬ ብቆጣቸው፣ «አንተ ጎምቦ፣ አንተ እንኳ አፍ አለህ፣ በረደኝ ትላለህ፤ ፍየሏ ምን ብላ ትናገር?» አሉኝ። ይህችን ቃል ሃምሳ ዓመት ሙሉ እየደጋገሙ ጨጓራዬን ልጠውታል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ሳንባቸውን ሲታመሙ፣ በግልገል ቆዳ የተገበረ ሰማያዊ የሐር ካፖርት በእጃቸው ሰፍተው ሣጥን ውስጥ አኖሩና፣ «ዕድሜዬን በብርድ ጨረስኩት፤ ስሞት እንኳ ይሙቀኝ። ይህን ሳታለብሰኝ ብትቀብረኝ ወቀሳዬ አለብህ» ብለው ቃል አስገቡኝ። ዘንድሮ ሕመሙ ሲጸናባቸው ሐኪም ከቤት እንዳይወጡ ቢያዝ፣ ቦት ጫማቸውንም ብንደብቅባቸው፣ የእኔን አጥልቀው በጎች አፍንጫ ላይ የረጋውን በረዶ ሊያራግፉ ወጡ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዐረፉ።

ትናንት ሣጥኑን ብንከፍት መቀስና ቁርጥራጭ ክር ብቻ አገኘን። ቤቱን አገላብጠን ስንፈልግ፣ ጎረቤታችን አቶ ቾይዶግ እናቷ የሞተችባትን ቀይ ጥጃ እየሳቡ መጡ፤ ካፖርቱን ለብሳዋለች፣ እጅጌው ተቆርጦ ሆዷ ሥር መታጠቂያ ሆኗል። «አሮጌ ነው፣ ተርፎኛል ብለው እኮ ነው የሰጡኝ! አፈር ልብላ፣ መቀበሪያቸው መሆኑን አላወቅሁም» እያሉ አለቀሱ። እኔም በንዴት መታጠቂያውን ፈትቼ ካፖርቱን ገፈፍኳት። ጥጃዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አየኋት፤ ከዚያም ራሴን እየረገምኩ መልሼ አሰርኩላት።

ወይዘሮ ሴቭጂድ ባለትዳርና የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ልጆች እናት፣ የስድስት ልጆችም አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ እኔን የተቃጠልኩ ወንድማቸውንና ከእኛ የተሻለ የለበሱ መቶ ዘጠና በጎችና ፍየሎች ትተው ሄደዋል። ምድሩ ድንጋይ ሆኖ ለመቆፈር ሁለት ቀን ፈጅቷልና፣ አፈሩን እንዲያቀልላቸው፣ ነፍሳቸውንም ብርድ ከማያውቀው ስፍራ እንዲያሳርፍልን እንለምናለን።

ንባቤን የማሳጥረው በሹራብ ብቻ ቆሜ ስለምንቀጠቀጥ ነው። ካፖርቴን እርሳቸው ለብሰውታል። እኔ እንኳ አፍ አለኝ፣ በረደኝ እላለሁ።